ለጀማሪ አንድ ተክል ይበቃል

(ስለ አገራችን የዱር ምግብ ተክሎች አዲስ አበባ ውስጥ ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የቀረበ)

ጤና ይስጥልኝ። በእሑድ ቀን እንቅልፋችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ።

ሁላችንም በምናውቀው ተረት ልጀምር። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል፣ ዘላለም ሲያለቅስ ይኖራል።» ብዙ ጊዜ ስለ ክፉ ጎረቤት ነው የምንለው። እስቲ ዛሬ ጎረቤትን እንተወውና ተክሎቹን እንያቸው። አጋም እሾሃም ነው። ቁልቋል ደግሞ ሲወጋ ነጭ ወተት ይፈሰዋል። ንፋስ በነፈሰ ቁጥር አጋሙ ይወጋዋል፣ ወተቱም ይንጠባጠባል። ይህን ተረት የፈጠረው ሰው አጥር ሥር ቆሞ ሁለቱን በደንብ ያየ ሰው ነው።

በዚህ የጀመርኩት አጋምን የሚመስል ሌላ ቁጥቋጦ ስላለ ነው። መረንዝ ይባላል፤ መረዝ የሚሉትም አሉ። ከአጋም ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ የአንድ የእጽዋት ቤተሰብ አባል ናቸው። ሁለቱም ነጭ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ሽታው የሚያውድ አበባ አላቸው። ሁለቱም ሲቆረጡ ወተት ያወጣሉ። የሁለቱም ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚወጣው። የሁለቱም ፍሬ ሲበስል ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ ይሆናል። አጋምን እረኛው እስኪጠግብ ይበላዋል። መረንዝ ግን የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ከጥንት ጀምሮ ቀስታቸውን የሚመርዙበት ተክል ነው። ውስጡ ያለው ኡዋባይን የሚባል ንጥረ ነገር የልብን አመታት ያዛባል፣ ሲበዛም ልብን ቀጥ ያደርጋል።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በእሾህ። መረንዝ እሾህ የለውም። ቁልቋል አጠገቡ ቢበቅል ደረቅ ዓይኑን ይኖራል። ቅጠሉም ከአጋም ይልቅ ወፈር ያለና እንደ ቆዳ ጠንከር ያለ ነው። የመረንዝ ፍሬ ጨርሶ ከበሰለ ይበላል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ጀግና አይደለሁም። እናንተም ባትሆኑ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖር ጠጉራም፣ ትልቅ አይጥ አለ። የመረንዝን ቅርፊት ያኝክና ምራቁን ጎኑ ላይ ያለውን ጠጉር ይቀባዋል። ውሻ ከነከሰው ውሻው ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። አይጡ ራሱ ምንም አይሆንም። «እንስሳ የበላው ለሰው ይሆናል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን አይጥ አስታውሱት።

ሰው ስለ ዱር ተክሎች ሲጠይቀኝ የሚፈልገው ዝርዝር ነው። «የሚበሉትን ንገረኝ» ይለኛል። ዝርዝር ችግር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአገራችን ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት የተጻፉ ጥናቶችን ሰብስበው በኢትዮጵያ 413 የሚበሉ የዱር ተክሎች ተመዝግበው እንዳሉ አሳይተዋል። ብዙ ነው። ግን ያን ዝርዝር ኪሱ ውስጥ ይዞ ጫካ የገባ ሰው ምንም ይዞ ካልገባው ሰው የበለጠ አደገኛ ነው። የሚያውቅ ይመስለዋል።

ስለዚህ ዛሬ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው። በዓመት አንድ ተክል ያዙ። አንድ! ሲበቅል እዩት፣ ሲያብብ እዩት፣ ፍሬ ሲይዝ እዩት፣ ሲደርቅም እዩት። ምን ዓይነት አፈር እንደሚወድ፣ ከማን ጋር አብሮ እንደሚበቅል፣ የሚመስለው ማን እንደሆነ እወቁ። ተክል ሰኔ ላይ ሌላ ነው፣ ኅዳር ላይ ሌላ ነው። በአበባው ብቻ የምታውቁት ከሆነ አበባው በሌለበት ጊዜ አታውቁትም ማለት ነው። ቅጠል ደግሞ የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ከማበቡ በፊት ነው።

ስሙን መስማትም አይበቃም። አንድ ተክል ጎንደር ላይ አንድ ስም፣ ሸዋ ላይ ሌላ ስም ይኖረዋል። አንድ ስም ደግሞ ለሦስት የተለያዩ ተክሎች ያገለግላል። ቁልቋል ስንል ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉኛ የሚጎዳውን አገር በቀሉን ማለታችን ነው? ወይስ ፍሬውን የምንበላውን የባሕር ቁልቋል፣ በለሱን? በለስ እንዲያውም ዘሩ ከአሜሪካ ነው፤ ወደ እኛ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ትግራይ ውስጥ ክረምት ሲመጣ በለስ አገር በቀል አይደለም ብላችሁ ብትከራከሩ የሚሰማችሁ አይኖርም። እኔም አልከራከርም።

መማር ያለባችሁ ከማን ነው? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፍሬ ለማወቅ ከፈለጋችሁ እረኛ ጠይቁ። ቅጠል ለማወቅ ከፈለጋችሁ እናቶችን ጠይቁ። እረኛ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ነው የሚውለው። ይርበዋል። አጋሙን፣ እንጆሪውን፣ ኮሽሙን፣ ዶቅማውን፣ እሸውን የሚያውቀው ስለሚበላው ነው። የትኛው ዛፍ ቀድሞ እንደሚበስል ያውቃል፤ የትኛው ዛፍ ፍሬው እንደሚጣፍጥና የትኛው ኮምጣጣ እንደሆነም ለይቶ ያውቃል። አንድ ዓይነት ዛፍ ሆነው ሳለ ማለት ነው። ዕፅዋት ያጠና ሰው ይህን አያውቅም። እናቶች ደግሞ የሚያውቁት በድስት ነው። የትኛው ቅጠል ሁለት ውሃ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ሲቀቀል እንደሚሟሟ፣ የትኛው ለሕፃን እንደማይሰጥ።

ችግሩ ብዙዎቹ አይነግሯችሁም። ስለሚያፍሩ ነው። ሰሜን ሸዋ፣ አንድ ደጋ መንደር ውስጥ አንዲት እናት ጓሮ ሳማ እንደ ቡቃያ ለምልሞ አየሁና ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ይሄን ትበሉታላችሁ?»

«ኧረ ልጄ፣ ምን በወጣን! ድሮ፣ በክፉ ቀን ነው እንጂ።»

ትንሽ ተጫወትን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቻቸው። ከዚያ ወደ ቤት አስገቡኝ። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ክዳኑ ሲነሳ አረንጓዴ ነው። እኔ ዝም አልኩ፤ እሳቸው ግን ሳቁ። «ጾም አይደል እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን ትምህርት አሁን እነግራችኋለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ የካዱኝ ለምን እንደሆነ ልብ በሉ። ከከተማ የመጣ ሰው «ይሄን ትበላላችሁ?» ሲል ድህነታቸውን የሚቆጥር ነው የመሰላቸው።

የዱር ቅጠል ስሙ ከረሃብ ጋር ተጣብቋል። ነሐሴ ላይ ጎተራ ሲጎድል፣ እህሉ ገና ሳይደርስ፣ ሰው ወደ አጥሩ ዞር ይላል። ስለዚህ ልጁ ከተማ ገብቶ ደሞዝ ሲይዝ መጀመሪያ የሚረሳው ያን ምግብ ነው። የሚገርመኝ ግን ሐፍረታችን ወጥነት የለውም። ኮረሪማ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ውስጥ በዱር ይበቅላል። ቡናም እንደዚያው፤ ከፋና ሸካ ዛሬም ከጫካ የሚለቀም ቡና አለ። ጦስኝ ከተራራ ነው የሚመጣው። እነዚህን ማንም የድሃ ምግብ አይላቸውም። ገበያ ላይ ዋጋ ስላላቸው ነው። ሳማን ማንም አይሸጠውም፤ ስለዚህ እናፍርበታለን።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገጠር ሄዳችሁ ስትጠይቁ «ይበላል ወይ?» አትበሉ። «እንዴት ነው የሚሠራው?» በሉ። መልሱ ሌላ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ሳማ። የመጀመሪያው ዓመት ተክላችሁ ሳማ ይሁን የምለው በምክንያት ነው። አንደኛ፣ ራሱን ያስተዋውቃል። ነክታችሁት ሳታውቁት ልትቀሩ አትችሉም። ሁለተኛ፣ የእኛ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ዶቢ የሚሉት ይህ የደጋ ሳማ በተፈጥሮ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ሳይንሳዊ ስሙም ከሰሜን ተራሮቻችን የተወሰደ ነው። ሦስተኛ፣ ሩቅ አትሄዱም። ከ1500 ሜትር በላይ፣ በተለይ ደጋ ላይ፣ አጥር ሥርና መንገድ ዳር ሞልቷል። ናይትሮጅን የበዛበት አፈር ይወዳል። ስለዚህ የከብት በረት፣ የፍግ ክምር፣ ሰው የለቀቀው ኦና ቤት አካባቢ ታገኙታላችሁ። ቤቱ ፈርሶ፣ ግድግዳው አፈር ሆኖ እንኳን ሳማው ቦታውን አይለቅም።

ምኑ ነው የሚለበልበን? ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያሉት ጠጉሮች ውስጣቸው ክፍት ነው። ጫፋቸው መስታወት የሚሠራበት ሲሊካ የተባለው ማዕድን ነው። ቆዳ ሲነካው ጫፉ ይሰበርና ሹል መርፌ ይሆናል። ያ መርፌ ሂስታሚንና ሌሎች የሚያቃጥሉ ነገሮችን ቆዳ ሥር ይወጋል። ቅጠሉ ሲፈላ ወይም በደንብ ሲደርቅ መርፌው ይልፈሰፈሳል፣ ፈሳሹም ኃይሉን ያጣል። አንድ ደቂቃ የፈላ ሳማ አይለበልብም። ይህን ለማመን ግን የመጀመሪያዋን ጉርሻ መጉረስ ያስፈልጋል።

አለቃቀሙ እንዲህ ነው። ወፍራም ጓንት አድርጉ። ጓንት ከሌላችሁ እጃችሁን ሁለት ፌስታል ውስጥ ክተቱ። አንድ ፌስታል አይበቃም፤ ሳማ ይበሳዋል። የምትቆርጡት ጫፉን ብቻ ነው፤ ከላይ ያሉትን አራት ወይም ስድስት ለጋ ቅጠሎች። አበባ ያወጣውን እለፉት። እኚያ እናት «ካበበ በኋላ ሻካራ ነው፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል» ነበር ያሉኝ። ልክ ናቸው። ሳማ ሲያረጅ ቅጠሉ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት ጥቃቅን ሆኖ ይጠራቀማል፤ ኩላሊትም ሊያስቸግር ይችላል። ቦታውንም ምረጡ። ሽንት የሚሸናበት ግድግዳ ሥር፣ መኪና የሚበዛበት አስፋልት ዳር፣ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚያልፍበት ወንዝ ዳር አትልቀሙ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳማ የለም ማለቴ አይደለም። ሞልቷል። ግን ከአቃቂ ወንዝ ዳር የበቀለን ሳማ አልበላም።

ቤት ስትደርሱ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ክተቱት። በእጅ ሳይሆን በማማሰያ እያገላበጣችሁ እጠቡት፤ ውሃው እስኪጠራ ሁለት ሦስት ጊዜ። ድስት ውስጥ ውሃ አፍሉ። ሲንተከተክ ቅጠሉን ጨምሩ። ድስት ሙሉ የነበረው ቅጠል ወዲያው ይወርድና አንድ ጭብጥ ያክላል። አትደንግጡ፣ ሁሉም ጎመን እንደዚያ ነው፣ ሳማ ትንሽ ይብሳል እንጂ። ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፤ ሽታው አዲስ የታጨደ ሣር ይመስላል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይብቃው። አውጥታችሁ ጨምቁት። አሁን በባዶ እጅ ልትነኩት ትችላላችሁ።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። የከተማው መንገድ እንደ ጎመን ነው። ሽንኩርት በዘይት ታቁላላላችሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ትጨምራላችሁ፣ የተከተፈውን ሳማ ትጨምሩና ጨውና ቃሪያ አድርጋችሁ ታወጡታላችሁ። ጥሩ ነው። የደጋው መንገድ ግን ሌላ ነው፤ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ለዚህኛው ቅጠሉን ሳታወጡና ሳትጨምቁ ከትንሽ ውሃ ጋር እዚያው ድስት ውስጥ እስኪላላ በማማሰያ ትመቱታላችሁ። ከዚያ የገብስ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ትጨምራላችሁ፤ ድስቱ ሙሉ ለነበረ ቅጠል ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። እያማሰላችሁ ዱቄቱ ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው ታበስሉታላችሁ። ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። እንጀራ ላይ ሲፈስ ከወጥ ወፈር፣ ከገንፎ ቀጠን ያለ ነው። ጣዕሙ ከጎመን ይልቅ ወደ ቆስጣ ይቀርባል፤ የገብሱ ሽታ ደግሞ ከሥር ይመጣል።

ሳማን የለመደ ሰው ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደ ሌሎቹ ቅጠሎች ይሄዳል። አሉማ አለ፤ ልሽልሾም የሚሉት አሉ። እርሻና ጓሮ ውስጥ ሳይዘሩት የሚበቅል ነው። ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ከሌላ አህጉር የመጡ ናቸው፣ ግን ጠረጴዛችሁ ላይ ፓስፖርት አትጠይቁትም። እዚህ ላይ የማሳስባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ የአሉማ ቅጠል ኦክሳሌት የሚባል፣ ሲበዛ ኩላሊት የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለበት። ስለዚህ ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት፤ የመጀመሪያውን ውሃ ለሾርባ አታስቀሩት። ሁለተኛው የከፋ ነው። አሉማ በሚበቅልበት ቆሻሻ መጣያና የታረሰ መሬት ላይ አስተናግርም ይበቅላል። አጤ ፋሪስ የሚሉት ነው። ሲያድግ ማንም አይሳሳተውም፤ አበባው ረጅም መለከት ነው፣ ፍሬው እሾሃም ኳስ ነው። ገና ቡቃያ ሳለ ግን ከሌላው ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ጭብጥ ሊታጨድ ይችላል። አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ያስቀባጥራል፣ ይገድላል። መፍትሔው ቀላል ግን አሰልቺ ነው፤ በጭብጥ አትጨዱ። አንድ በአንድ ልቀሙ። እያንዳንዱን ቅጠል ዓይናችሁ ይየው።

ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ለሁሉም መርዝ መድኃኒት ይመስላችኋል? አይደለም። ለኦክሳሌት ይሠራል። ለአስተናግርና ለመረንዝ አይሠራም። «ከመረረ መርዝ ነው፣ ከጣፈጠ ይበላል» የሚለውም አይሠራም። ግራዋ እሬት ነው፣ ግን የሚያበስሉት አገሮች አሉ። ጓያ ደግሞ ምንም አይመርም፤ ሆኖም ለወራት ሌላ እህል ሳይቀላቀል ከተበላ እግርን ሽባ ያደርጋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ደንቢያና ፎገራ ላይ ብዙ ሰው የጎዳው እሱ ነው። ጓያ የሚዘራ እህል ነው፣ የዱር አይደለም። ያነሳሁት መጠንም እንደሚጎዳ ለማሳየት ነው። አዲስ የዱር ቅጠል ስትጀምሩ መጀመሪያ ቀን ትንሽ ብሉ፤ ለየብቻው ብሉ። ሦስት አዲስ ቅጠል አንድ ወጥ ውስጥ አትክተቱ። ሆድ ቢቆርጣችሁ የቱ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ፍሬዎቹን በአጭሩ ልንካቸው፤ እነሱን እረኛው ይበልጥ ያስተምራችኋል። ሾላን በድፍኑ የመብላት ልማድ ያለው በከንቱ አይደለም። ከፍታችሁ ካያችሁት ውስጡ ትንንሽ ነፍሳት አሉ። ሾላን የሚያዳቅሉት እነሱ ናቸው፤ ያለ እነሱ ዘር የለም። ቀጋ ላይ ግን ትንሽ ላቁማችሁ። ቀጋ የዱር ጽጌረዳችን ነው፤ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ሲበስል ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። ልጆች ሥጋውን ላጭ ላጭ አድርገው ይበሉታል። ውስጡ ያሉት ዘሮች በቀጫጭን ጠጉር የተሸፈኑ ናቸው። ጠጉሩ ጉሮሮ ያሳክካል፤ ሌላም ቦታ ያሳክካል። ስለዚህ ለሁለት ከፍላችሁ ዘሩንና ጠጉሩን በማንኪያ ፍቁ። የቀረውን ልጣጭ አድርቃችሁ ለሻይ አፍሉት። ኮምጠጥ ያለ፣ ቀላ ያለ ሻይ ይወጣዋል። ስኳር ትንሽ ይፈልጋል።

ስለ ጦስኝ ደግሞ በሻይ ሳይሆን በቅሬታ ነው የማወራችሁ። ጦስኝ ትንሽ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ተክል ነው። የሚበቅለው ደጋ ላይ፣ ጭቃ ከላዩ ሲታጠብ ድንጋዩ በሚታይበት ቦታ ነው። አሁን ተፈላጊ ሆኗል። አንዳንዱ ለቃሚ ከሥሩ ነቅሎ በከረጢት ያወርደዋል። ከሥሩ የተነቀለ ጦስኝ አይመለስም፤ ቦታው ባዶ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ክረምት አፈሩ ይታጠባል። ገበያ ላይ ጦስኝ ስትገዙ እሥሩን ገልብጣችሁ እዩ። ሥር ካለበት አትግዙ፤ ለምን እንደማትገዙም ለሻጯ በትሕትና ንገሯት። የታጨደው ግንዱ ላይ የተቆረጠ ጫፍ አለው።

ይህን ነገር አባቶቻችን አላወቁትም እንዳይባል፣ መንዝ ውስጥ ጓሳን እዩ። ጓሳ ለቤት ክዳን የሚሆን የሣር ዓይነት ነው፤ ቦታውም በእሱ ስም ይጠራል። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ያስተዳድረው ነበር። ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ማን እንደሚያጭድና መቼ እንደሚያጭድ በጋራ ይወሰናል። እኛ ዛሬ ለጦስኝና ለኮሰረት እንዲህ ያለ ነገር የለንም። ስለዚህ ለጊዜው የምትጠቀሙት የራሳችሁን ገደብ ነው። እኔ ከአንድ ቁጥቋጦ ከሲሶ በላይ አልወስድም፤ ብቸኛ ሆኖ ያገኘሁትን ደግሞ አልነካም። የቤተ ክርስቲያን ደንና ፓርክ ውስጥ አትልቀሙ። ለመማር ለመማር፣ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አለላችሁ፤ 705 ሄክታር ነው፣ አገር በቀሎቹን በቅርብ ታዩበታላችሁ። ዓይን እንጂ እጅ አይፈቀድም።

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ። ሰው የማያውቀውን ነገር በልቶ ከታመመ ወተት አጠጥታችሁ፣ ጣት አስገብታችሁ ለማስመለስ እየሞከራችሁ ጊዜ አትግደሉ። ቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የበላውን ተክል ቁራጭ አብራችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። በሉ አሁን ጠይቁኝ።

ከጥያቄዎቹ

አንዲት እህት፣ ሳማ ለደም ጥሩ ነው ስለሚባል እናቷ መብላት ይችሉ እንደሆነ ጠየቀች።

እንደ ምግብ ከሆነ፣ ጤነኛ ሰው እንደ ጎመን ቢበላው ችግር አላይበትም። እናትሽ ግን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አረንጓዴ ቅጠል በአንድ ጊዜ ማብዛት ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል፤ ቫይታሚን ኬ ስላለው ነው። የኩላሊት ችግር ካለባቸውም እንደዚያው። ሐኪማቸውን ጠይቂ። እኔ ወጥ ነው የማስተምረው፣ መድኃኒት አይደለም።

አንድ ወጣት፣ ተክል በፎቶ የሚለይ አፕ ስልኩ ላይ እንዳለና እሱ በቂ እንደሆነ ጠየቀ።

ለመጀመሪያ ፍንጭ ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለድስት ግን አይበቃም። የአጋምና የመረንዝን ፍሬ ብቻ አቅርበህ ፎቶ ብታነሳቸው ምን እንደሚልህ እስቲ ገምት። እሾሁ ፎቶው ውስጥ ካልገባ አፑም አያየውም። አፑ ስሙን ይስጥህ፤ አንተ ደግሞ ያን ስም ይዘህ ተክሉን ከሚበላ ሰው ጋር ሂድና አረጋግጥ።

አንድ አባት፣ በእረኝነት ዘመናቸው ኮሽም ይበሉ እንደነበር ተናግረው፣ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ቢተክሉ ያፈራ እንደሆነ ጠየቁ።

አባባ፣ አንድ ከሆነ ላያፈራ ይችላል። ኮሽም ወንድና ሴት አለው፤ ወንዱ አበባ ያብባል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ሴቷም ወንድ አጠገቧ ከሌለ አትይዝም። ችግኝ ሳለ ደግሞ ማንም አይለየውም። ስለዚህ አራት አምስት አድርገው አጥር ላይ ይትከሉ። ሲያብቡ ይለዩአቸው። አንድ ወንድ ከሴቶቹ መካከል ይተዉ፤ የተረፉት ወንዶች እሾሃቸው ጥሩ ስለሆነ አጥር ይጠብቁልዎታል።